የለቅሶ ቤት ተራ

በእኛ ጊዜ ወደዚያ ውሃ የሚኬደው እህል ተሸክሞ ነበር እንጂ ፎቶ ለመነሳት አልነበረም። ምን ያስቃችኋል? ወላሂ እውነቴን ነው። ይሄ አሁን እናንተ ፏፏቴ ፏፏቴ የምትሉት፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲወጣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው፣ እሱ ምን ፏፏቴ ነበር፣ ወፍጮ ነበር እንጂ! የውሃ ወፍጮ። ወንዙን በድንጋይና በኖራ ገድበውት ውሃው በቦይ ይሄዳል፣ ሄዶ መዘውሩን ይመታል፣ መዘውሩ ድንጋዩን ያዞራል፣ እና እኛ ዱቄታችንን ይዘን እንገባለን። ኋላ የናፍጣ ወፍጮ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ የመብራት መጣ፣ ታዲያ ያንን ማን ይየው፣ ቦዩ ተደፈነ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ ግድቡ ግን ቀረ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ጊዜ በግድቡ አናት ዘሎ መውረድ ጀመረ። ይኸው ነው ፏፏቴያችሁ።

ያ ስልክህ ይቀዳል? ይቅዳ፣ ይቅዳ። ብቻ መሃል ላይ አታቋርጠኝ፣ ካቋረጥከኝ ይጠፋብኛል።

ታዲያ አስቀድሜ የዚያን ወፍጮ ደንብ ልንገራችሁ፣ እሱን ካላወቃችሁ የሐዋን ነገር አታውቁትም። ወፍጮው ደጅ ረጅም የድንጋይ መደብ አለ፣ አሁንም አለ፣ ሂዱና እዩት። ጆንያችንን እዚያ ላይ በመጣንበት ተራ እንደረድራለን፣ የቀደመ ከራስ፣ የዘገየ ከግርጌ። የሚፈጭልን አያ አራጋው የሚባል ክርስቲያን ነው፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ፣ ቁጣው ግን በርበሬ። «ተራ! ተራ! የወለደችኝም ብትመጣ ተራ!» ይላል። አንዷ ልታልፍ ከሞከረች ጆንያዋን ያነሳና ግርጌ ወስዶ ዱብ ያደርገዋል። ተራ የማይጠብቅ አንድ እህል ብቻ ነበረ፣ እሱም የለቅሶ ቤት እህል ነው።

ሰው የሞተበት ቤት ለቀስተኛ ያበላል፣ ዱቄት ይቸኩላል፣ እና ከዚያ ቤት የመጣው ሰው ምንም አይናገርም፣ ሰላምታም የለው። ጆንያውን ከመደቡ ራስ ላይ ያስቀምጥና የክትክታ ቅርንጫፍ ይጥልበታል። በቃ። ማን ሞተ አይባል፣ እስላም ነው ክርስቲያን ነው አይባል፣ ሁሉም ጆንያውን ገፋ ገፋ ያደርግለታል፣ ሴቱ ሻሹን ወደ አፉ ይሰበስባል፣ ያ ቁጡ አራጋው እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ልጅ ሆኜ ያቺን ቅጠል ጆንያ ላይ ካየሁ ቀልቤ ይገፈፋል፣ ቀና ብዬ አላይም። ከሐዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምንቆመው። ሐዋ አብሮ አደጌ ናት፣ ጎረቤቴም ናት፣ አንድ ወፍጮ ወርደን አንድ ሰፈር ነው ያረጀነው።

እሺ። ሐዋ ባሏ ቀድሟታል፣ ሁለት ልጅ ነው ያላት። ሴቷ ሰዓዳ ጅዳ ሄዳ ዐረብ ቤት ትሠራለች። ወንዱ እንድሪስ ባጃጅ ይነዳል። ያን ጊዜ ለውጥ መጣ ተባለና ወጣቱ ሁሉ ልቡ ተነሳ፣ ታስታውሱ የለ፣ ይሄን እናለማለን፣ ያንን መዝናኛ እናደርጋለን፣ እና የዚያን ወፍጮ ቁጥቋጦ መንጥረው፣ ቆርቆሮ ጥላ ሠርተው፣ «ፏፏቴ» ብለው ስም አወጡለት። እንድሪስ ሰው ጭኖ ያመላልሳል። «ፏፏቴ! ፏፏቴ! አንድ ሰው የቀረው! አየር የሚቀይር!» እያለ ይጮሃል። አንድ ቀን በደጄ ሲያልፍ ጠራሁትና «አንተ እብድ፣ ጤፍ የፈጨንበት ቦታ ደግሞ ምን ይታያል?» አልኩት። «እትየ ዘይነባ፣ እናንተ እንጀራ በላችሁበት፣ ለእኛ ደግሞ አየር ይብቃን!» አለኝና ሄደ። ሳቂታ ነበር። ያ ልጅ ሲስቅ ድዱ ሁሉ ይታያል።

ከዚያ ያ የማይነሳው መጣ። ጦርነቱ። ስለ እሱ ብዙ አታናግሩኝ። ከውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲጮህ ሰው ሁሉ ወደ ታች ወረደ፣ ልጅ ያዘለ፣ በግ የሚጎትት፣ አልጋ የተሸከመ። እንድሪስ በባጃጁ ሽማግሌውን፣ ነፍሰ ጡሩን፣ በሽተኛውን እያመላለሰ ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ያደርሳል። እኔንም እናቱንም ያደረሰን እሱ ነው። «እማየ፣ አያ ይመር አልጋ ላይ ቀርቷል፣ እሱን ላምጣና መጣሁ» አላት። «አትሂድ!» አለችው። «አብሽሪ እማ፣ መጣሁ አልኩሽ እኮ» አለ። ሄደ፣ ቀረ። አያ ይመርን ከቤቱ እንደወሰደው ሰው አይቷል፣ ከዚያ ወዲያ ያየ የለም። ስንመለስ ባጃጇ መንገድ ዳር ጎማዋ ተፈትቶ፣ ወንበሯ ተነቅሎ ተገኘች፣ አያ ይመርም አለ፣ አላህ ይዘንለት፣ አጠገቧ ተቀብሮ። እንድሪስ የለም። ሬሳም የለ፣ ወሬም የለ።

እንግዲህ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። አይነገርም! በሰበብ ነው የሚጠሩሽ። የእኔን ኡመርን፣ የልጄን ልጅ፣ በዚያው ጊዜ ነው ያጣሁት። መርዶውን ያረዱኝ ሸህ ይማም ናቸው፣ የሰፈራችንን ሁሉ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው፣ አነጋገር ያውቁበታል። «ዘይነባ፣ የእህትሽ ልጅ የትዳር ጉዳይ አለ፣ ነይ» አስባሉኝ። ሻሽ ቀይሬ ሄድኩላቸው! ቤቱ ሰው ሞልቶታል፣ ማንም አያየኝም። ሸሁ በእጃቸው ኩባያ ውሃ ይዘው እግራቸውን እግራቸውን ያያሉ። አፋቸውን ሳይከፍቱ እግራቸውን ሲያዩ ነው ያወቅሁት። ለኡመር ለቅሶ መብራት አልነበረም፣ ወፍጮ ሁሉ ቆሞ ነበር፣ በእጅ ድንጋይ ፈጭተን ነው ለቀስተኛ ያበላነው። እ። ይለፍ።

ሐዋ ግን እምቢ አለች። የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድሩ ማለት ነው፣ መጥቶ «ሐዋ፣ ልጁ ከሄደ ቆየ፣ ሰደቃ እናውጣለት፣ ዱዓ ይደረግለት» ቢላት ከደጇ ላይ ተነስታ ቆመች። «ሬሳውን ሳታሳዩኝ ልጄን አትግደሉብኝ! ዱዓ የምታደርጉ ከሆነ ለመምጫው አድርጉ!» አለች። አንድ እንባ አላፈሰሰችም ትላችሁ፣ አንድ! እኔ ለኡመር ሳለቅስ እሷ እኔን ታባብላለች። የልጇን ጫማ ትወለውላለች፣ ጃኬቱን ፀሐይ ታሰጣለች። ሰው «ሐዋ ሸርተት አድርጓታል» ይል ጀመር። እኔም በልቤ ምን እል ነበር? ያ ረቢ፣ ይቺ ሴት አንድ ቀን የሰማች እንደሆነ ትፈርሳለች፣ ያን ቀን አታሳየኝ እል ነበር።

ታዲያ ጦርነቱ አለፈ፣ መብራትም መጣ፣ እና አንድ ቀን ሰዓዳ ከጅዳ ከተፍ አለች። ሳትደውል፣ ሳትናገር! ዓይኗ ቀልቷል፣ እናቷን አቅፋ ለቀቅ አታደርግም። እኔ ቆሜ ሳይ ይቺ ልጅ በደህና አልመጣችም አልኩ። ሐዋም ሹክ አለችኝ፣ «ዘይነባ፣ ይቺ ልጅ ስልክ ይዛ ጓሮ ትገባለች፣ ስታየኝ ዝም ትላለች።» «ባል አግኝታ ይሆናል» አልኳት። «ባል ያገኘች ሴት ታለቅሳለች?» አለችኝ።

በማግስቱ ሰዓዳ እኔ ቤት መጣች። «እትየ ዘይነባ፣ ነገ እናቴን ፏፏቴው ጋ እንውሰዳት። አየር ትቀይር፣ ተጨንቃለች። አንቺ ካለሽ ትመጣለች።»

«መልካም» አልኩ።

«ሸህ ይማምም ይመጣሉ።»

እዚህ ላይ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። «ሸህ ይማም? እሳቸው ደግሞ ለምን?»

«ዱዓ ያደርጋሉ።»

«የምን ዱዓ ነው ልጄ? ንገሪኝ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ።»

ልጅቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አልናገርም እትየ። ነገ እዚያ ታዩታላችሁ» ብላ ሮጣ ወጣች። አበቃ። በሰበብ መጥራት ማለት ይሄ አይደል? አንቺ ካለሽ ትመጣለች ማለት፣ ስትወድቅ ያዣት ማለት አይደል? ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

ነገው ሆነ። ሰዓዳ ሚኒባስ ተኮናትራ መጣች። በሩን ስትከፍተው ከፊት ሸህ ይማም ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ መሐረብ አፋቸው ላይ ይዘዋል፣ እግራቸውን እግራቸውን ያያሉ! ሐዋ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ እንዳደረገች ቀጥ አለች።

«ሸህየ፣ እርስዎም?»

«እኔም» አሉ፣ ሌላ የለም።

እሷም ወጥታ ተቀመጠች። ሰዓዳ እንጨት በመሰለ ሳቅ «ዛሬ እንዝናናለን!» ትላለች። አስፋልቱ ላይ እንደወጣን ሸሁ ዘወር ብለው ቀስ ብለው «ዘይነባ፣ ውሃ ይዘሻል?» አሉኝ። ወየው! ውሃው ለማን እንደሆነ እኔ አጣሁት? ለምትወድቀው ነዋ! ጠርሙሱን ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም ተቀብለው ጉያቸው ከተቱት። ሐዋ ይሄን ሁሉ በዓይኗ ትከተላለች። እጇን ያዝኳት፣ በረዶ ሆናለች። ልጅ ሆነን በዚያ መንገድ ስንወርድ እንደዚያው ነበር የምንያያዝ።

ደረስን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ውሃው ሞልቶ በግድቡ አናት ላይ ሲወርድ ጩኸቱ፣ ሱብሃነላህ፣ ራቅ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰማውም። ያ የወጣቶቹ ቆርቆሮ ጥላ የለም፣ በጦርነቱ ጊዜ ወስደውታል፣ የግድቡ ድንጋይ ጥይት በጥይት ሆኖ ተፈነቃቅሏል፣ እኔ እሱን ሳይ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ። መደቡ ግን እንዳለ ነው። ሰዓዳ ቀድማን ወርዳለች፣ ዳቦና ምንጣፍ የያዘ ማዳበሪያ ይዛ። ታዲያ አምጥታ የት ብታስቀምጠው ጥሩ ነው? ከመደቡ ራስ ላይ! አስቀመጠችው፣ የውሃው ፍንጣቂ መደቡ ድረስ ይመጣል፣ ዳቦው እንዳይርስ ብላ ዘወር አለች፣ ከዳሩ የበቀለውን ክትክታ ቀጨም አድርጋ ቆረጠች፣ እና ማዳበሪያው ላይ አለበሰችው።

አየሁ። ሐዋም አየች።

ያቺ ልጅ ምን ታውቃለች? የመብራት ወፍጮ ዘመን ልጅ ናት! እኛ ግን እሱን እንዴት ብለን አናውቀው! ሐዋ እጄን ለቀቀችው። ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ሄደች፣ ሻሿን ወደ አፏ ሰበሰበች፣ መደቡ ራስ ላይ ከማዳበሪያው አጠገብ ተቀመጠች። የለቅሶ ቤት ሴት እዚያ ነበር የምትቀመጠው። ቅጠሏን በእጇ ነካካቻት። ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኸች።

«እንድሪስየ! ወየው ልጄን! ሬሳህን እንኳ ከለከሉኝ!»

እኔ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፣ ያ ሁሉ ውሃ ሲጮህ ለእኔ ከውሃው በላይ ተሰማኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመችው ነው የወጣ። ደረቷን ትመታለች፣ መሬት ትመታለች። ሸህ ይማም መርዶ የሰማ ሰው የሚለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ እሳቸው ይሄን ሲሉ የእኔም ያለቀ ነገር ሆነ፣ ወደቅሁ። ለእንድሪስ አለቀስኩ፣ ለኡመር አለቀስኩ፣ ሁለቱንም ደባልቄ አለቀስኩ። ሦስት ሽማግሌ መሬት ላይ ሆነን ስንጮህ ቀና ብል፣ ሰዓዳ ተመልሳ ወጥታ ከላይ ከመንገዱ አፍ ላይ ቆማለች፣ ስልኳን ወደኛ ዘርግታ በሌላው እጇ ታውለበልባለች። ትስቃለች! ወንድሟ ሞቶ ጥርሷ ይታያል! «ይቺ ልጅ አብዳለች!» አልኩ። ለካስ በውሃው ጩኸት የኛን አልሰማችም፣ ከሩቅ ስታየን ዱዓ የምናደርግ መስሏታል።

ጊዜው ቀትር ነበር። ቀትር ላይ ውሃ ዳር አይቆምም ሲባል ሰምታችኋል? በተለይ ወፍጮ ያለበት ውሃ። እኛ ስናድግ «ቀትር ላይ ከወፍጮው ብትቀሩ ጅኑ የምታውቁትን ሰው መስሎ ይመጣባችኋል» ይሉን ነበር። እና እንዲያ ስንጮህ ከሰዓዳ ኋላ አንድ ሰው ብቅ አለ። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ክስት ያለ፣ በፍንጣቂው መሃል የሚመጣ። መልኩ የእንድሪስ። ቁመቱ የእንድሪስ። ነጩን ሳይ ከፈን ነው የመሰለኝ።

ሸህ ይማም ከተቀመጡበት ብድግ አሉ፣ እኒያ በምርኩዝ የሚሄዱት ሰውዬ! «አዑዙ ቢላሂ ሚነ ሸይጧኒ ረጂም!» ይላሉ፣ እጃቸው ላይ ድንጋይ አንስተዋል፣ የእኔን የውሃ ጠርሙስ በሌላው እጃቸው ይዘዋል። «ተመለስ! በአላህ ስም ተመለስ!»

ሐዋ ግን አልሸሸችም። ተነስታ ቆመች። «ቁም!» አለችው። «እዚያው ባለህበት ቁም!»

«እማየ፣ እኔ ነኝ።»

«በልጄ መልክ አትምጣብኝ! ዛሬ ነው መርዶውን የሰማሁ፣ እንባዬ እስኪደርቅ እንኳ አትታገሠኝም?»

«እማየ፣ ምን መርዶ ነው? እኔ ነኝ እኮ፣ እንድሪስ!»

«ጫማህን አውልቅ!»

ይሄን ለምን እንዳለች ታውቃላችሁ? ጅን ሁሉን ነገር ሰው ሲያስመስል እግሩን አይችልበትም፣ ኮቴ ነው ይባላል። ልጁ ጫማ አድርጓል፣ ትልቅ ሽፍን ጫማ። እና ጫማህን አውልቅ ስትለው እህቱን አየ። ሰዓዳ ሮጣ ደረሰች፣ ስልኩን እንደያዘች፣ ሳቋ ሁሉ ጠፍቶ፣ «እማየ፣ ጫማውን ተይው! በአላህ ጫማውን ተይው!» ትላለች። ይሄን ስትል ሸሁ ድንጋዩን ከፍ አደረጉ። እኔም አለቀ አልኩ፣ ጅኑ ልጅቱንም ይዟታል።

«አውልቅ ብዬሃለሁ!»

ልጁ መጣና መደቡ ላይ ከማዳበሪያው አጠገብ ተቀመጠ። አጎንብሶ ክሩን ፈታ። አንዱን አወለቀ። ካልሲውን አወለቀ። ሌላውን አወለቀ።

የጅን ኮቴ ባይ ይሻለኝ ነበር ልጆቼ። ወላሂ ይሻለኝ ነበር። ያ ልጅ ጣት የለውም። በቀኙ ሁለት ቀርተውታል፣ በግራው ትልቁ ጣቱ የለም፣ ጥፍር የሚባል አንድ የለም፣ ተረከዙ ተላልጦ ተላልጦ የሌላ ሰው ሥጋ የተለጠፈበት መስሏል። ሸህ ይማም ድንጋዩን የት እንደጣሉት አላየሁም። ሐዋ ተንበረከከች። ትንሹን የግራ ጣቱን፣ እሱ ተርፏል፣ እሱን ያዘች። ልጅ ሆኖ ገል ቆርጦት የተጣመመ ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ የረገጠው የእኔን ደጅ ገል ነው።

«ይሄን ሁሉ በእግርህ?» አለችው።

«በእግሬ ነው እማ።»

ኋላ ነው የነገረን። አያ ይመርን ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ተኩስ መሃል ገቡ፣ ሽማግሌው እዚያው አለፈ፣ በእጁ ቆፍሮ ቀበረው፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም፣ ከሸሸው ጋር ወደ ዐፋር ቆላ ወረደ። ያ ሁሉ ሰው ወደ ባሕሩ ሲሄድ እሱም እህቴ ጋ እደርሳለሁ ብሎ ሄደ፣ ተሻገረ፣ የመንን በእግሩ፣ አሸዋውን በእግሩ፣ ድንበሩ ላይ ተያዘና እስር ቤት። ስልክ የለ፣ ሰው የለ። ከወህኒው የወጣ አንድ የባቲ ልጅ ነው ለሰዓዳ ያለበትን የነገራት። ከዚያ እሷ እዚያ ወዲያ ወዲህ ብላ፣ አልቅሳ፣ ለምና አስወጣችው። እሷ ቀድማ መጣች፣ እሱ ከተመላሾቹ ጋር አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፣ ጓሮ ገብታ የምታወራው ከእሱ ጋር ነው። «ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እግሬን እንዳያየኝ፣ እናቴን ለብቻዋ ላግኛት» አላትና ፏፏቴው ጋ ተቃጠሩ። እሷ ደግሞ ዐረቦቹ ቤት ያየችውን አምጥታ «ሰርፕራይዝ ላድርጋት» አለች፣ በስልክ ልትቀርጸው! ይኸው ነው።

ሐዋ መጀመሪያ ተነስታ ምን አደረገች? ሰዓዳን በጥፊ አለቻት። ጧ! ከዚያ አቀፈቻት። ከዚያ ደግሞ በጥፊ አለቻት። «አንቺ ልጅ! ለሞት ነው በሰበብ የሚጠሩት! ደስታን ከሩቅ እየጮሁ ነው የሚያመጡት! ከዳር አገር እየጮሽ ብትመጪ ማን ይከለክልሽ ነበር?» ሰዓዳ እያለቀሰች «እማየ፣ አላወቅሁም፣ አላወቅሁም» ትላለች። ልጁ መሃል ገብቶ ሁለቱንም ያዘ። ሲስቅ ድዱ እንደ ድሮው ታየ፣ ጥርሱ ጎደል ቢልም።

እኔ ወደ ሸሁ ዞርኩ። «እርስዎስ ሸህየ? እግርዎን እያዩ ውሃ እየጠየቁ ጨረሱን እኮ!»

«እኔ ምን ላድርግ ዘይነባ፣ መኪና ያጥወለውለኛል! ቀና ካልኩ ያስመልሰኛል! ልጅቱ ዱዓ አለችኝ፣ መጣሁ፣ የእናንተን ፊት ሳይ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። እኔ ከእናንተ፣ እናንተ ከእኔ!» ጠርሙሱን ከፍተው ያን ጊዜ ጠጡ። እኔ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ምን እንደሆነ የማላውቀው ነገር ያዘኝና አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅሁ።

ታዲያ ዳቦውን እንብላ ተባለ። ሰዓዳ ማዳበሪያውን ልትፈታ እጇን ስትዘረጋ ሐዋ «አትንኪው!» አለቻት። ሁላችንም ቀጥ አልን። ሐዋ መጣች፣ ያንን ክትክታ በሁለት ጣቷ አነሳችው፣ እባብ እንደያዘ ሰው ከገላዋ አርቃ ያዘችው፣ ሄደች ውሃው ዳር፣ ወረወረችው። ውሃው አንከባሎ ወሰደው። ከዚያ ተመለሰችና ማዳበሪያውን በሁለት እጇ አንቃ ከመደቡ ራስ ትጎትተው ጀመር። ከባድ ነው፣ እንድሪስ ሊያግዛት ተነሳ፣ «ተቀመጥ!» አለችው። ትጎትታለች፣ ትጎትታለች፣ መደቡን ጨረሰችው፣ ግርጌ ድረስ፣ አያ አራጋው ተራ ያለፈን ጆንያ የሚወረውርበት ድረስ። እዚያ ዱብ አደረገችው። ያንን የፈረሰ የወፍጮ ቤት ዞራ አየችና፣ አራጋው እዚያ ያለ ይመስል፣ ጮኸች፤

«የለቅሶ ቤት ተራ አልፈልግም! ሰማኸኝ? ተራ አልፈልግም! እኔ ከሁሉም ኋላ ነኝ!»

እኔም ሄጄ ትንሽ ገፋ አደረግኩላት። እኔ በኡመር የለቅሶ ቤት መሆንን ቀምሼዋለሁ፣ ከእሷ ጋር ግርጌ መቀመጡ ደስ አለኝ። ዳቦውን እዚያ ቆረስነው፣ ሸሁም ዱዓውን አደረጉ፣ የመጡበትን ዱዓ።

ምን አልክ? ቪዲዮው? አለ እንጂ! ሰዓዳ ልታጠፋው ብትል ሐዋ ከለከለቻት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ክፈቺላቸው» ትላለች። እኔ መሬት ላይ ስንከባለል ታያላችሁ፣ ሸሁ ድንጋይ ይዘው ጅን ሲያባርሩ ታያላችሁ፣ ሐዋ እሱን ስታይ በሳቅ ትሞታለች። ልጁ አጎንብሶ የጫማውን ክር መፍታት ሲጀምር ግን፣ «እዚህ ላይ ዝጊው» ትላለች። ሁልጊዜ እዚያው ላይ።

«እትየ ዘይነባ፣ እኛንስ አንድ ቀን አይወስዱንም?»

እወስዳችኋለሁ እንጂ፣ ለምን አልወስዳችሁም። ብቻ የት እንደምንሄድ፣ ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደምንበላ ከዛሬው ትነግሩኛላችሁ። እዚያ ደርሳችሁ አንዲት ቅጠል የቆረጠ ግን፣ ወላሂ፣ እጁን ነው የምሰብረው!